አሥር ኒውተን

መስዑድ ወንድሜ፣ አሰላሙ ዓለይኩም። የአዳማ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኛ ጭሮ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

ፊዚክስ ላይ ኒውተን ደርሰናል። አንተ አንድ ኪሎ ስኳር በእጄ አስይዘህ ያስተማርከኝን ለክፍሉ አስረዳሁ፤ ኒውተን የኃይል መለኪያ ነው፣ አንድ ኪሎ ለማንሳት አሥር ኒውተን ያህል ይበቃል አልኳቸው።

እሁድ ከገለምሶ ሽማግሌዎች እኔን ለጋብቻ ሊጠይቁ መጥተው ያመጡትን ጫት አባባ ፊት አስቀመጡ። ኪሎ ቢሞላ ነው። አባባ «መጀመሪያ ትምህርቷን ትጨርስ» ብለው፣ ማንሳቱ እሺታ እንዳይሆንባቸው ሳይነኩት ቆዩ። ከአንተ ጋር በስልክ ካወሩ በኋላ ቀለላቸው መሰለኝ፣ አነሱት።

እማዬ ዩኒፎርሜን ለትንሿ እህታችን ለፋጤ አጥብባላታለች። ልኳ ሆኗል።

«ዩኒቨርሲቲ እስክትገቢ ከጎንሽ ነኝ» ያልከኝ አንተ ነበርክ።

አላህ በሰላም ያኑርህ። ለእኔ ጻፍልኝ፤ ለአባባ ግን ከእንግዲህ አትደውል።

እህትህ ኢንሳፍ