«ጀስት ናው» ያልሽው ቪዛ

ሙርሺዳ፣

ህንድ ሄጃለሁ። አትደውዪ፣ አላነሳም።

«የቪዛውን ፎርም ሞላሽ ወይ?» ባልኩሽ ቁጥር «ጀስት ናው» አልሽኝ። እኔ ከወራቤ የመጣሁት «አሁኑኑ» መስሎኝ ሻንጣዬን ዘግቼ ጠበቅኩሽ። ለካ እዚህ አገር «አላህ ካለ አንድ ቀን» ማለት ነው! ጆበርግ ያደግሽው አንቺ፣ ይህን መንገር ከበደሽ? አንጀቴን አሳረርሽው።

ልንሄድባት የነበረችው የህንዷ ከተማ ሙሩድ ብቻዬን እገባለሁ። ባሕር መሃል ያለውን፣ ድሮ ህንድ የገቡት ሐበሾች የገዙትን ምሽግም ብቻዬን አያለሁ። አርብ ጀልባው ለሶላት እንደሚቆም የጻፍሽበትን ደብተር ሳላስፈቅድሽ ወስጄዋለሁ።

ቁልፌ ፎርድስበርግ፣ ካሚል ሱቅ ነው። ፍሪጅ ያለውን ወጥ ዛሬ ካልበላሽው ድፊው።

ለሁለታችን የያዝነውን ባለሁለት አልጋ የሆቴል ክፍል አልቀየርኩም። አይቀየርም ስላሉኝ ነው፣ ሌላ እንዳይመስልሽ።

መቼ እንደምመለስ ማወቅ ከፈለግሽ፣

ጀስት ናው።

ባህሪያ