ስድስተኛውን ጣት ማንም እንዳያርም

ዛሬ ማክሰኞ ኅዳር 17 ቀን 2017 ዓ.ም. ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ በደቡብ ወሎ ዞን፣ በተሁለደሬ ወረዳ፣ በሐይቅ ከተማ፣ በገዛ ቤቴ ተቀምጬ፣ እኔ ታፔላ ጻፊውና ሠዓሊው አንዳርጋቸው በላቸው፣ ዕድሜዬ ስድሳ ስምንት፣ ይህን የመጨረሻ ቃሌን በአራት ምስክሮች ፊት እናገራለሁ፤ ኡበይድ ይጽፋል። እጄ እንደሚንቀጠቀጥ ሁላችሁም ታያላችሁ። ጭንቅላቴ ግን አይንቀጠቀጥም። ደሴ ያለው ሐኪም ልቤ መድከሙን ነግሮኝ «አይናደዱ» ብሎ መክሮኛል። ምክሩን የምፈጽምበት ጊዜ ስላላገኘሁ ተናድጄ እናዘዛለሁ። ያስገደደኝ የለም። ሊያባብለኝ የሞከረ ልጄ ሙሉጌታ ብቻ ነው፤ እሱም አልተሳካለትም። ከዚህ በፊት የጻፍሁት ኑዛዜ የለም፤ ቢገኝም በዚህ ተሽሯል።

አንደኛ። ይህ የተቀመጥንበት ቤት ከነጓሮው የባለቤቴ የወይዘሮ ስህን ነው። ግማሹ ድሮም የእሷ ነበር፤ የእኔን ግማሽ ሰጥቻታለሁ። ባለሱቆች የጋኔን ሥዕል ያለበትን መጽሔታችንን አናስገባም ባሉበት ዘመን ከሽንኩርቷ ጎን ዘርግታ ገበያ ላይ የሸጠችው እሷ ናት። ሽንኩርት ሊገዛ የመጣ ሰው ጋኔን ይዞ ወደ ቤቱ ይገባ ነበር። በሕይወት እስካለች ድረስ ከዚህ ቤት ሊያስነሳት የሚሞክር ቢኖር፣ ልጄም ቢሆን፣ ልጄ አይደለም።

ሁለተኛ። መሰላሌን፣ ብሩሾቼንና የቀለም ቆርቆሮዎቼን ለልጄ ለሙሉጌታ ሰጥቻለሁ። ሙሉጌታ ደሴ ላይ በኮምፒዩተር ባነር ያትማል። በእጄ የጻፍኋቸውን ታፔላዎች ከሐይቅ መንገድ ዳር አንድ በአንድ ያስወረደው ባነር ነው፤ ይህን ቅሬታዬን ስለሚያውቀው አላረዝመውም። መሰላሉን የሰጠሁት አንድ ቀን እንኳ ወጥቶበት ፊደልን በእጁ እንዲጽፍ ነው። ጎበዝ ልጅ ነው፤ እወደዋለሁ። ዛሬ የምቆጣው በእሱ ላይ ስለሆነ ይህን አስቀድሜ ማስጻፍ ፈለግሁ።

ሦስተኛ። ወደ ዋናው ነገር ገባሁ። ኡበይድ፣ ሌላ ወረቀት አውጣ፤ ይህኛው ረጅም ነው።

በ1997 ዓ.ም. እኔና ወዳጄ አብዱልመናን «ጋኔን አጥማጆቹ» የሚባል የሥዕል መጽሔት ጀመርን። እሱ ታሪኩን ይጽፋል፣ እኔ እሥላለሁ። ሁለት ጀግኖች ነበሩን። ሽታው ጋኔንን እንደ ዓሣ በመረብ የሚይዝ አጥማጅ ነው፤ ሀውራ ደግሞ ጋኔኑን በስሙ ጠርታ ከተደበቀበት የምታወጣ ሴት ናት። አብዱልመናን «ጅን» በል ይለኛል፣ እኔ «ጋኔን» እላለሁ፤ የተጣላነው ግን በዚህ አይደለም። የተጣላነው በሌላ ቃል ነው።

በሰባተኛው እትም ላይ ሀውራ፣ «ይህ ጋኔን የወጣው ከሐይቅ ሐይቅ ነው፤ ዘመዶቹም ሁሉ እዚያው ናቸው» ትላለች። የአገሬ ሰው እንደሚያውቀው ከተማችንም ሐይቅ ነው፣ ውሃውም ሐይቅ ነው፤ ውሃውን ለመጥራት ቃሉን ሁለት ጊዜ ማለት ግድ ነው። መጽሔቱ አዲስ አበባ ታትሞ ሲመጣ አንዱ ሐይቅ የለም። «ይህ ጋኔን የወጣው ከሐይቅ ነው፤ ዘመዶቹም ሁሉ እዚያው ናቸው» ይላል። ከተማው በሙሉ የጋኔን ዘመድ ተብሎ ተሰደበ።

በሽፋኑ ላይ ስሙ ቀድሞ የተጻፈው ደራሲው ስለሆነ ቁጣው ሁሉ በአብዱልመናን ላይ ወረደ። በመናኸሪያው በኩል ሲያልፍ «የጋኔን ዘመድ» እያሉ ይጠሩታል፤ አብረውት ያደጉ ሰዎች ሰላምታ ነሡት። እሱም ወደ እኔ ዞሮ «ክቡ ጠቦህ አንተ ቆርጠኸዋል» አለኝ። ሰዎቹ የሚናገሩበት ነጭ ክብ ውስጥ ቃሎቹ አልገባ አሉኝ እያልሁ ዘወትር አማርር ስለነበር ነው። እኔ ደግሞ «ወደ አዲስ አበባ ይዘህ የሄድህ አንተ ነህ፤ እዚያ ቆርጠኸዋል» አልሁት። ማተሚያ ቤቱ ሥዕሎቹን በፖስታ ሲመልስልኝ በንዴት ሳልከፍተው ታፔላ ከምጽፍበት ሱቄ፣ የሥዕል ሳጥኔ ውስጥ ወረወርሁት። አብዱልመናን ጓዙን ጠቅልሎ ወደ አምባሰል ሄደ፤ ውጫሌ ተቀመጠ።

እዚያ ሆኖ የራሱን «ጅን አጥማጆቹ» አወጣ። ሠዓሊ ስላላገኘ ራሱ ሣለ። በእሱ መጽሔት ሀውራ አለቃ ናት፤ ሽታው የእሷን ባጃጅ የሚነዳ ከሲታ ነው። በእኔ መጽሔት ሽታው አለቃ ሆኖ ወፈረ፤ ሀውራን ዓሣ አስጠብሳት ነበር፣ አሁን አፍርበታለሁ። የአብዱልመናን ሰዎች ሁሉ እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው ነው የሚሄዱት። ጅን አንቆ ሲይዛቸው እንኳ እጃቸው ኪሳቸው ውስጥ ነው። እጅ መሣል አይችልማ! አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ፣ ላገኘሁት ሰው ሁሉ እያሳየሁ ስስቅበት ኖርሁ።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲመጣ እኔና ስህን ወደ ደሴ ሸሸን። አብዱልመናን ከውጫሌ ሸሽቶ በሐይቅ ሲያልፍ የሱቄን በር ተሰብሮ አገኘው። የራሱን ሥዕሎች ቤቱ ጥሎ የመጣ ሰው፣ የእኔን ሳጥን ተሸክሞ አርዲቦ ከሚባለው ጎረቤት ሐይቅ ዳር እህቱ ቤት ወሰደና በዓሣ መረብ ጠቅልሎ ደበቀው። ያን ሁሉ ሳምንት እዚያ ሲቀመጥ ፖስታውን ከፈተ።

ወደ ቤታችን ከተመለስን በኋላ አንድ ጠዋት ሳጥኑን ይዞ በሬ ላይ ቆመ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

«አንዳርጌ፣ ሁለቱም ሐይቅ አለ» አለኝ።

«ድሮስ የለም አልሁህ?»

«በቀይ ብዕር ከብቦ ‹ተደግሟል› ብሎ የጻፈበት አራሚው ነው። የማተሚያ ቤቱ አራሚ! ወላሂ አንተም አልነካኸው፣ እኔም አልነካሁት። አንተ ይህን አላየህም?»

«ፖስታውን አልከፈትሁትም።»

«አሥራ አምስት ዓመት?»

«ተናድጄ ነበራ!»

«አይ አንተ ግትር! በል አብሽር፣ ግባ በለኝ እንጂ፤ ከአርዲቦ በእግሬ ነው የመጣሁት።»

ገባ። ከዚያች ቀን ጀምሮ «ሁለቱም» የተባለውን ልዩ እትም መሥራት ያዝን። ሁለት ሽታውና ሁለት ሀውራ በአንድ መጽሔት ይገናኛሉ፤ የእኔዎቹ በሐይቅ ዳር ይጠብቃሉ፣ የእሱዎቹ ከአምባሰል በባጃጅ ይመጣሉ። ጋኔኑ አራሚው ይባላል። ሁለት የሆነ ነገር ባየ ቁጥር «ተደግሟል» ብሎ አንዱን ይውጣል። ከጥንድ ጫማ አንዱን፣ ከመንታ ጥጆች አንዱን ሲውጥ ቆይቶ በመጨረሻ ከሐይቅ ሐይቅ አንዱን ሊውጥ ይመጣል። ውሃው ዳር ሁለቱን ሀውራ ሲያይ አፉን ይከፍታል። ያን ጊዜ የሐይቋ ሀውራ ወደ ፊት ወጥታ «ትርፏ እኔ ነኝ» ትለዋለች። የአምባሰሏም «ሐሰት ነው፣ ትርፏ እኔ ነኝ» ትላለች። ሁለቱም ሽታው ይከተላሉ። ጋኔኑ ትርፉን መለየት አቅቶት አፉን እንደከፈተ በረሃብ ይሞታል። ይህን የጻፈው አብዱልመናን ነው። ሲያነብልኝ አለቀስሁ፤ ጉንፋን ነው አልሁት።

በመጨረሻው ሥዕል ሁለቱ ሽታው ይጨባበጣሉ። የአምባሰሉ ሽታው ለመጀመሪያ ጊዜ እጁን ከኪሱ ያወጣል። በዚያን ጊዜ የእኔ እጅ መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር፤ የሐይቁን ሽታው እጅ እንደምንም ሣልሁና የሌላውን ባለቤቱ ይሣለው አልሁ። አብዱልመናን ታሞ ተኝቷል። ትራስ አስደግፈነው፣ ሴት ልጁ ሱንዱስ ወረቀቱን ይዛለት፣ በሦስት ቀን ሣለው። ሱንዱስ ወደ ጆሮዬ ተጠግታ «ጋሽ አንዳርጋቸው፣ ስድስት ጣት አለው እኮ» አለችኝ። ቆጠርሁ። ስድስት ነው። «ደግ አደረገ» አልኋት። አምና፣ በዚያው ሳምንት አረፈ።

አሁን አዲስ አበባ ያለ አንድ ድርጅት መጽሔቱን እናሳትም ብሏል። አንባቢ ይደናገራልና ሽታውም አንድ፣ ሀውራም አንዲት ትሁን ይላል። ጣቱም ይስተካከል ይላል። ሙሉጌታ ውሉን ይዞልኝ መጣ፤ በኮምፒዩተሩም ስድስተኛውን ጣት አጥፍቶ አሳየኝ። አያስታውቅም። ጣቱ እንዳልነበረ ሆኗል። «አባዬ፣ ስህተት ነው ያረምሁት» አለኝ። ሃያ ዓመት ጋኔን ስሥል ኖሬ አራሚው ከገዛ ቤቴ ወጣ! ሙሉጌታ፣ አንገትህን አታቀርቅር፤ ክፋት እንደሌለህ አውቃለሁ። ያም የማተሚያ ቤት ሰው ክፋት አልነበረውም።

ስለዚህ እናዘዛለሁ። «ሁለቱም» ከነሥዕሎቹና ከነመብቱ ግማሹ የሙሉጌታ፣ ግማሹ የሱንዱስ ነው። ያለ ሁለቱ ፊርማ አይታተምም፣ አይሸጥም። አራቱም ጀግኖች ይኖራሉ። ሐይቅ ሐይቅ በተጻፈበት ሁሉ ሁለቱም ሐይቅ ይኖራል። ስድስተኛውን ጣት ማንም አይነካም፤ ጓደኛዬ እጁን ከኪሱ ያወጣው አንድ ጊዜ ነው፣ እኔ በቆምሁበት የሚቆርጠው የለም፣ በሌለሁበትም አይኖርም። ድርጅቱ በዚህ ካልተስማማ ይቅርበት። ፎቶ ኮፒ ይደረግና ስህን ከሽንኩርቷ ጎን ትዘርጋው። «ለባዕድ ልጅ አወረሰ» የሚል ዘመድ ካለ ደግሞ ይህ ወረቀት ጮክ ተብሎ ይነበብለት። ቃሌን የሻረ ሰው ቢኖር እመጣበታለሁ። ጋኔን እንዴት እንደሚመጣ ጠንቅቄ የማውቅ ሰው ነኝ፤ በር አላንኳኳም።

አራተኛ። የገንዘብ ዕዳ የለብኝም። ዕዳዬ ለአብዱልመናን ነው። ሣቅን፣ ሠራን፣ ተቃቀፍን፤ ይቅርታ የሚለውን ቃል ግን ከአፌ አላወጣሁለትም። ያን ሁሉ ዓመት የናፈቅሁትን ሰው በአንዲት ፖስታ ምክንያት ከራሴ ከልክዬ ኖርሁ። ሱንዱስ ልጄ፣ ወደ መቃብሩ ስትሄጂ «አንዳርጌ ፖስታውን መክፈት ነበረበት» በዪልኝ። ይገባዋል።

አምስተኛ። በቀብሬ ላይ ፎቶዬ ያለበት ባነር አይሰቀል። ሙሉጌታ፣ ስሜን በእጅህ ጻፍልኝ። ፊደሉ ቢንጋደድም ግድ የለም፤ መሰላሉ አለህ።

ቃሌ ይኸው ነው፤ የምጨምረውም የምቀንሰውም የለም።

ይህ ኑዛዜ ተናዛዡና አራቱ ምስክሮች ባሉበት ድምፅ ከፍ ተደርጎ ተነቧል፤ ተናዛዡም «ቃሌ ነው» ብለዋል። ምስክሮች፦ ወይዘሮ ሰርካለም፣ ጡረታ የወጡ መምህርት፤ አቶ ወንዱ፣ ባጃጅ ነጂ፤ ወይዘሮ ራህማ፣ ጎረቤት፤ አቶ ሙዘይን፣ ዓሣ አጥማጅ። አቶ ሙዘይን ሲፈርሙ «አብዱልመናንን የጋኔን ዘመድ ብለው ከሰደቡት አንዱ እኔ ነበርሁ፤ ይህም ይጻፍልኝ» ስላሉ ተጽፏል።

ተናዛዡ ብዕር መያዝ ስላልቻሉ በጣት አሻራ ፈጽመዋል። አንድ ይበቃል ብላቸው የቀኝ እጃቸውን አምስት ጣቶች በተራ አሳረፉ። ቀጥለውም አውራ ጣታቸውን ዳግም ቀለም ነክረው ከጎን ጨመሩ። «ጋሽ አንዳርጋቸው፣ ይኸኛው ተደግሟል» አልኋቸው። «ጻፈዋ!» አሉኝ። ስለዚህ ጽፌዋለሁ፦ አሻራው ስድስት ነው፤ ማንም አያርመው።

ጸሐፊ፦ ኡበይድ