የአባታቸውን ፒክአፕ ሞተር አስለውጠው ወደ ሥራ የመለሱት የእትዬ ሶፋ የሕይወት ታሪክ

ሰፈሩ በሙሉ እትዬ ሶፋ የሚላቸው፣ ዛሬ የምንሸኛቸው ሶፋ ሠሪ፣ ከዕቃ አመላላሽ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1949 ዓ.ም. ተወለዱ። የተወለዱት ከገበያው ጀርባ፣ አንዱ ክፍል መኝታ ሌላው የስፌት ቦታ በሆነበት ቤት ነው። ሁለት ወንድሞቻቸው ቀድመዋቸው ተወልደዋል። ከዚያ ወዲህ በየትኛውም ሥራ ቀድመዋቸው እንደማያውቁ ሟች በሕይወት ሳሉ ደጋግመው ይናገሩ ነበር። እዚህ መጻፉ ቅር የሚያሰኘው ሰው ካለ ቅሬታውን ለእሳቸው ያቅርብ።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በአቅራቢያቸው በሚገኘው ትምህርት ቤት ገብተው እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተምረዋል። በውጤታቸው መካከለኛ፣ በንቀታቸው ግን ከክፍሉ አንደኛ ነበሩ። በተለይ እግሩ የሚወዛወዝ ወንበር ላይ ተቀምጦ ስለ ሚዛን የሚያስተምር መምህር አይዋጥላቸውም ነበር። መኪና መንዳት ያስተማሯቸው አባታቸው ናቸው፤ ያውም በዚያው ዕቃ በሚያመላልሱበት ክብ መብራት ባለው ፒክአፕ። ወንዶቹ ልጆች እንዲማሩ ሲጠየቁ ታላቁ ሸሚዛቸው እንዳይቆሽሽ ብለው፣ ሁለተኛው ደግሞ ታላቁ ስላልፈለጉ ሳይማሩ ቀርተዋል።

ታላቅ ወንድማቸው ሁለት ሰው በተገናኘበት ሁሉ ስብሰባ ስለሚከፍቱ ሰብሳቢው ይባላሉ። ሁለተኛው ወንድማቸው ሰብሳቢው ያሉትን ሁሉ ስለሚያጸድቁ ልክነው ይባላሉ። ሁለቱም ዛሬ በፊተኛው ረድፍ ተቀምጠዋል።

ሟች በ1968 ዓ.ም. በአንድ የቤት ዕቃ ፋብሪካ ተቀጥረው ሠርተዋል። አለቃቸው የስፖንጅና የጭድ ልዩነት የማይገባው ሰው መሆኑን ከተረዱ በኋላ፣ ይህንኑ ፊት ለፊት ነግረውት በ1974 ዓ.ም. የራሳቸውን የሶፋ መሥሪያ ቤት ከፈቱ። በ1976 ዓ.ም. ከቀለም ቀቢው ባለቤታቸው ጋር ጋብቻ መሥርተው አንዲት ሴት ልጅ ወልደዋል። ከንቀታቸው ያመለጡ ብቸኛ አዋቂ ሰው ባለቤታቸው እንደሆኑ ይታመናል። ምክንያቱን ሲጠየቁ፣ «እሱ የጀመረውን ግድግዳ ይጨርሳል» ይሉ ነበር።

አባታቸው በ1983 ዓ.ም. ሲያርፉ ፒክአፑ ለሦስቱም ልጆች በጋራ ተላለፈ። ሰብሳቢው ስብሰባ ጠርተው መኪናው ከእንግዲህ ቅርስ እንጂ መኪና እንዳልሆነ አስታወቁ። ልክነው አጸደቁ። ፒክአፑ በሰብሳቢው ግቢ ጋራዥ ውስጥ ገብቶ ልባስ ለበሰ። እሑድ እሑድ ሁለቱ ወንድሞች ልባሱን ገልጠው፣ ክብ መብራቶቹን ወልውለው፣ ሞተሩን ያስነሳሉ። ሰብሳቢው ዓይናቸውን ጨፍነው፣ «ስሙት፣ አባባ ሲስቅ ነው» ይላሉ። ልክነው፣ «ቁርጥ እሱን» ይላሉ። ከዚያ ሞተሩ ይጠፋል፤ ልባሱም ይመለሳል። መኪናው የጋራዡን በር አልፎ አያውቅም።

በእነዚያ ዓመታት እትዬ ሶፋ ሶፋቸውን የሚያደርሱት በተገኘው የኪራይ መኪና ነበር። የአንዲት ሙሽራ ነጭ ሶፋ ከሲሚንቶ ጋር ተጭኖ ግራጫ ሆኖ ደርሷል። የሌላ ደንበኛ ሶፋ ደግሞ ዝናብ ጠጥቶ፣ የተቀመጠበት ሁሉ እርጥብ እየሆነ ይነሳ ነበር። ደንበኛ መሸሽ ጀመረ። አብረዋቸው የሚሰፉትን ሴቶች ማሰናበት ግድ ሆነባቸው፤ መሥሪያ ቤቱም ሊዘጋ ጫፍ ደረሰ። ፒክአፑን ለሥራ እንዲሰጧቸው ወንድሞቻቸውን ሲለምኑ ሰብሳቢው፣ «ቅርስ ሶፋ አይጭንም» ብለው መለሱ። እትዬ ሶፋም፣ «አባባ ሕይወቱን ሙሉ ቁምሳጥን ሲጭንበት ቅርስ መሆኑን ሳይነገረው ቀርቶ ነው?» አሏቸው። ሰብሳቢው ስብሰባው ተዘግቷል አሉ፤ ልክነው አጸደቁ።

በ1998 ዓ.ም. የሆነውን ቤተሰቡ እስካሁን «አሳዛኙ አጋጣሚ» እያለ ይጠራዋል። አጋጣሚ አልነበረም። ሰብሳቢው ለአባታቸው ክብር ሲሉ በየእሑዱ ሞተሩ ውስጥ ትንሽ ዘይት ይጨምሩ ነበር። ልክነውም ለአባታቸው ክብር ሲሉ፣ ሰብሳቢው ዞር ሲሉ ጠብቀው፣ ትንሽ ይጨምሩ ነበር። የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዝዞ ማየት አባትን መጠራጠር ስለመሰላቸው አንዳቸውም አላዩም። ሞተሩ እስከ አፉ በክብር ተሞላ። አንድ እሑድ እንደ ልማዳቸው ሲያስነሱት ጋራዡ በጭስ ታፈነ፤ ዘይቱ በየመጋጠሚያው ተተፋ፤ ሞተሩም አንድ ጊዜ ጮኾ፣ ብረት ከብረት ተጣብቆ ላይዞር ነክሶ ቀረ። ሰብሳቢው የኅሊና ጸሎት እንዲደረግ አዘዙ። ለሞተር።

እትዬ ሶፋ ጭሱ ሳይበርድ ደረሱ። አንድ ከተገለበጠ ሚኒባስ የወጣ ደህና ሞተር እንዳለና እሱን ማስገባት እንደሚሻል ተናገሩ።

«የአባታችንን ልብ አውጥተሽ የሚኒባስ ልብ ልታስገቢበት ነው?» አሉ ሰብሳቢው።

«ጋሼ፣ የአባባ ልብ ደረቱ ውስጥ ነበር። ኮፈኑ ስር ያለው ብረት ነው። ብረቱንም በክብር ብዛት የገደላችሁት እናንተ ናችሁ።»

ልክነው በለመደ አፋቸው፣ «ልክ ነው» ብለው ጀመሩና ሰብሳቢውን ሲያዩ ወደ ሳል ለወጡት።

ከዚያ በኋላ በተደረገው ክፍፍል ሰብሳቢው ዋናው ነገር ልቡ ነው በማለት የነከሰውን ሞተር ድርሻቸው አድርገው ወሰዱ። ልክነው ጡሩምባውን መረጡ። «የቀረው ቆርቆሮ» ለእትዬ ሶፋ ይሁን ተባለ። ሟች በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የወንድሞቻቸውን ውሳኔ ያለ ክርክር ተቀበሉ። ቆርቆሮውን በዚያው ቀን አስጎትተው ወሰዱት።

ሥራውን የያዘው መካኒክ መጀመሪያ ሊያስፈራቸው ሞክሮ ነበር። «እትዬ፣ ሞተሩን ብቻ ቀይሬ መስጠት እችላለሁ። ግን ይህን ጉልበት አሮጌው ፍሬን አያቆመውም። ካምቢዮውም ከአዲሱ ሞተር ጋር አይግባባም። መንገድ ላይ ቢገድልዎ እኔ የለሁበትም።»

«ሁሉንም ለውጥ» አሉት። «መልኩን ብቻ ተውልኝ። መልኩ ምንም አላጠፋም።»

ካምቢዮው ከሞተሩ ጋር መጣ፤ ፍሬኑ ተቀየረ፤ ራዲያተሩ ወደ ፊት ተገፋ። ሁሉም ካለቀ በኋላ ግን አዲሱ ሞተር ከአሮጌው ቁመቱ ስለሚበልጥ ኮፈኑ አልዘጋ አለ። መካኒኩ ብረት እንቀጥልበት ሲል እትዬ ሶፋ ኮፈኑን አስበስተው፣ በቀዳዳው ላይ እሳት የማይፈራ ሸራ ከስር፣ ቡናማ ቆዳ ከላይ አድርገው፣ እንደ ሶፋ ክንድ ጎብጦ የሚያምር ሽፋን ሰፉለት። ሰብሳቢው አይተውት፣ «መኪናውን ሶፋ አደረግሽው» ብለው አዘኑ። ሟች ይህን እንደ ምስጋና ቆጥረውታል።

ፒክአፑ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ በየሥራ ቀኑ ጠዋት ቁልፍ ሲዞር እየተነሳ ዳገት ወጥቷል፤ ዝናብ መትቶታል፤ ሶፋ፣ ፍራሽና አንዳንዴም ምጥ የያዛት ጎረቤት ጭኗል። የተሰናበቱት ሰፊዎች ተመለሱ። መብራት ላይ ሲቆሙ አሮጌ መኪና የሚሰበስቡ፣ በጓንት መሪ የሚይዙ ሰዎች መስኮት ዝቅ አድርገው፣ «እማማ፣ ኦሪጅናል ነው?» እያሉ ይጠይቋቸው ነበር። መልሳቸው አንድ ነበር፦ «አይ፣ ሥራ ላይ ነው።»

የነከሰው ሞተር በበኩሉ በሰብሳቢው ሳሎን፣ ቀይ ጨርቅ በለበሰ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ለእንግዳ ይታያል። ጠረጴዛው ሁለት ጊዜ ተሰብሯል። ሁለቱንም ጊዜ እትዬ ሶፋ ጠግነውታል።

በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የሳንባ ሕመም ጸናባቸው። ወንድሞቻቸው ሊጠይቋቸው መጡ፤ ከብርቱካኑም ጋር አንድ ሐሳብ ይዘው ነበር። ሰብሳቢው አልጋው አጠገብ ቆመው፣ ሟች «አንድ ነገር ከሆኑ» የሚኒባሱ ሞተር ወጥቶ የአባታቸው ሞተር ወደ ቦታው እንዲመለስ፣ መኪናውም ተሟልቶ በክብር እንዲቀመጥ ጠየቁ። ልክነው ጡሩምባውን እንደሚመልሱ ቃል ገቡ። በተለይም በቀብሩ ዕለት ፒክአፑ አበባ ተደርጎበት፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ በሰው እየተገፋ ከፊት ቢሄድ ለቤተሰቡ ኩራት እንደሚሆን አስረዱ።

እትዬ ሶፋ ትንፋሻቸውን ሰብስበው ልጃቸውን ጠሩ። የመኪናውን ቁልፍ በሁለቱም ወንድሞቻቸው ፊት በእጇ አስጨበጧት። «መኪናው ያንቺ ነው። እንዳታቆሚው። ለኔም ቢሆን እንዳታቆሚው። እነዚህ ሰዎች የሚያከብሩት ነገር ሁሉ ይነክሳል» አሏት። ከዚያ ወደ ሰብሳቢው ዞረው፣ «ጋሼ፣ ብርቱካኑ ጥሩ ነው» አሉ። ወንድሞቻቸውን ያሞገሱበት ሌላ ጊዜ አልተገኘም።

እትዬ ሶፋ መጋቢት 11 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በ67 ዓመታቸው፣ ባለቤታቸውና ልጃቸው በአጠገባቸው ሳሉ አርፈዋል። ከኋላቸው ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውን፣ ሁለት ወንድሞቻቸውን፣ በርካታ ሰፊዎችንና አሁንም ሳይሰነጠቅ የሚቀመጡበትን ሶፋ ያላመሰገኑ ብዙ ደንበኞችን ትተዋል።

ሰብሳቢው ዛሬ ፒክአፑ በበሩ ላይ በአበባ ተሸፍኖ እንዲቆም የጠየቁት ጥያቄ ስላልተፈጸመ ቅር እንደተሰኙ ለቤተሰቡ አስታውቀዋል። ልክነውም ቅር ተሰኝተዋል። ፒክአፑ ያልቆመው ከጠዋት ጀምሮ እናንተ የተቀመጣችሁባቸውን ወንበሮች ከሟች መሥሪያ ቤት ሲያመላልስ ስለነበር ነው፤ አሁንም የጎደሉትን ሊያመጣ ሄዷል፤ የምትነዳው ልጃቸው ናት። ስለዚህ ከኋላ የቆማችሁ ጥቂት ታገሡ።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን በቸርነቱ ይቀበል። የዘላለም ዕረፍት የሚወድ ሰው ብዙ ነው፤ እሳቸው ግን ሥራ ካልሰጣቸው ቤቱን ያምሱታልና፣ ለእትዬ ሶፋ በመንግሥቱ ውስጥ የሚጠግኑት፣ እግሩ የሚወዛወዝ አንድ ወንበር አያሳጣቸው።