እግሬን ካነሳሁ ይሄዳል

ኅዳር ፲፬ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.
ንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ከኃይሌ ጋርመንት በላይ
አዲስ አበባ

ለምወድህ ልጄ ለኖላዊ፣

ይህ ደብዳቤ በደኅና እጅህ ይግባ። ፊደሉ መንጋደዱን አይተህ ሌላ ሰው የጻፈው እንዳይመስልህ፤ እኔው ነኝ። በግራ እጄ ነው የምጽፈው። እኔ በተማርኩበት ትምህርት ቤት እንዲህ ያለ ወረቀት ያቀረበች ልጅ ጣቶቿን ገጥማ የማስመሪያ ጠርዝ ትቀምስ ነበር። ቀኝ እጄ ምን እንደሆነ በቦታው እደርስበታለሁ።

ቤቱ ደኅና ነው። ጀምረህ የተውከውን የጓሮ በር ጎረቤት ገጥሞልኛል፤ ትንሽ ዘመም ብሏል እንጂ ይዘጋል። ነገ የነቢያት ጾም ይገባል። ስልክህ ከዚያ ማክሰኞ ወዲህ ዝግ ስለሆነ ደብዳቤውን ለጓደኛህ ለከበበው እሰጠዋለሁ። ሚሌ ላይ በጎሚስታ ቤት ጎማ ስትፈታ አይቶህ መጥቶ የነገረኝ እሱ ነው፤ አትቀየመው። "እማማ፣ ከስቷል። ሰው ከኋላው ሲጠራው ይበረግጋል" አለኝ። ይህን ከሰማሁ ጀምሮ ምግብ አልወርድ ብሎኛል። እዚያ ሙቀት ነው ይላሉ፤ ያገኘኸውን ውሃ ሁሉ አትጠጣ።

አሁን ወደ ማክሰኞ ልመለስ። አንተ የምታውቀው ከመኪናው እስከ ዘለልክበት ድረስ ያለውን ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን በትክክል የሚነግርህ አታገኝም። እኔ እዚያ ነበርኩ። እንደነበርኩም ታውቃለህ፤ ዓይን ለዓይን ተያይተናል።

ከጤና ጣቢያ ስመለስ እግረኛ መንገዱ ላይ ቆሜ ነበር። መኪናህ አሸዋ እንደ ጫነ ከላፍቶ ቁልቁል ሲወርድ አየሁት። የጭነት መኪና ከተማ መግባት የማይፈቀድበት ሰዓት ነበር። ለባለንብረቱ አሸዋው ይቸኩለው ይሆናል፤ መሪውን የያዝከው ግን አንተ ነህ። ሌሊቱንም ስትነዳ እንዳደርክ ፊትህ ይናገር ነበር። ሜሪ ዜብራው ላይ ነበረች። የዳቦ ቤቷ ሜሪ፣ ዘግይተህ ስትመጣ ሁለት ዳቦ በፌስታል አስቀምጣ የምትጠብቅህ። መታሃት። ድምፁ እርጥብ ጆንያ ከትከሻ ወርዶ ሲፈርጥ እንደሚሰማው ነው። ወድቃ ከፊተኛው ጎማ ፊት ተጋደመች፤ አንድ እግሯ ከጉልበቷ በታች ወደማይሆን ወገን ዞሯል። አንተ ግን ፍሬን ይዘህ አቆምክ። ሜሪ አልሞተችም ነበር፤ ይህን በደንብ አንብበው። "ስልኬን አቀብሉኝ፣ እናቴን ልጥራት" ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ከዚያ በሩ ተከፈተ፤ ዘለልክ። ቀና ስትል አየኸኝ። ከዚያ በጅምሩ ሕንፃ በኩል ሮጥክ።

ቦታው ቁልቁለት ነው። ማርሹ ዜሮ ላይ ነበር፤ የእጅ ፍሬኑን አልሳብከውም። ብትስበውም አይይዝም ነበር፤ ትራፊኩ በኋላ እንዳሳየኝ ገመዱ ከተበጠሰ ቆይቷል። መስተዋቱ ላይ ግን የዘንድሮ ቦሎ ተለጥፎበታል። ተመርምሮ አልፏል ማለት ነው። መኪናው ያለ ሹፌር ወደ ሜሪ መንፏቀቅ ጀመረ።

ወተት የሚያመጣልን ኮርሳ ከማዶ ወተቱን ይዞ ሲሻገር ነበር። ጄሪካኑን ጥሎ ሮጠ፣ ዘሎ ገባ፣ ፍሬኑን ረገጠ። ጎማው ከሜሪ ቀሚስ ጠርዝ ላይ ወጥቶ ቆመ። በወጣትነቱ አሸዋ ሲያራግፍ ስለኖረ ፔዳሉን ለይቶ ያውቃል፤ መንዳት ግን አያውቅም፣ መንጃ ፈቃድም የለውም። እናንተ ሁለታችሁ የአንድ ላም ወተት ጠጥታችሁ ነው ያደጋችሁት። መኪናው ያንተ መሆኑን ያውቅ እንደሆነ ገና አልጠየቅሁትም።

ሰው የደረሰው ይሄኔ ነው። ሴት ልጅ ጎማ ሥር፣ አንድ ሰው መሪው ላይ። ሌላ ነገር ማን ይጠይቃል?

"ውረድ" አለው አንዱ።

"አልወርድም። እግሬን ካነሳሁ ይሄዳል" አለ ኮርሳ።

"ይሄዳል ይላል እንዴ። ገድለህ ወንበርህ ላይ ትኮፈሳለህ?"

"ገመዱ ተበጥሷል፤ አይይዝም። ድንጋይ አምጡ። ጎማው ሥር ታኮ አድርጉልኝና እወርዳለሁ። ወይ ልጅቷን ሳቧት።"

"ድንጋይ አምጡ ይላል ጌታው" አለ ሌላው፤ ሰው ሳቀ። ሳቁ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። "እናምጣለታ!"

አመጡለት። የመጀመሪያው ድንጋይ የበሩን መስታወት አገኘ፣ ሁለተኛው የኮርሳን ዓይን። ደሙ በአገጩ ሲወርድ እግሩን አላነሳም። "ልጅቷን ሳቧት" እያለ ይለምናል። እኔ በዚህ መሀል ሰው እየገፋሁ ደርሼ ነበር።

"እሱ አይደለም ሹፌሩ" አልኳቸው።

"ማነው ታዲያ፣ አሮጊት?"

"ልጄ ነው። በዚያ በኩል ሮጧል። ይህ ሰው መኪናውን ይዞላችሁ ነው።"

አንዲት ነጠላ ያጣፋች ሴት "አዬ፣ ጃጅታለች" አለች። "ልጇን ለሰው የምትሰጥ እናት አይቼም አላውቅ።"

ከዚያ ጎተቱት። አንዱ በጸጉሩ፣ ሁለቱ በክንዱ። መሪውን እንዳቀፈ ነበር፤ ጣቶቹን በአጣና ቀጥቅጠው አስለቀቁት። እግሩ ተነሳ።

መኪናው ሄደ።

ሜሪ ስታየው እጇን ዘረጋች፣ ልታቆመው ይመስል። ጎማው በደረቷ ላይ አለፈ። ከፊት የቆሙት ሸሹ፤ መኪናው የስልክ እንጨት ገጭቶ ቆመ። ያኔ ምን እንዳደረጉ የገባቸው መሰለኝ። ሰው ግን ይህ ሲገባው ሁልጊዜ አያፍርም፤ አንዳንዴ ይብሳል። ኮርሳ ላይ ወረዱበት። በጫማ፣ በአጣና፣ በጄሪካኑ ሳይቀር። ወተቱና ደሙ አንድ ላይ ወደ ቱቦው ሲወርድ አይቻለሁ። አንድ ሰው የግንባታ ፌሮ ይዞ መጣ፣ ከጭንቅላቱ በላይ አነሳው። ኮርሳ ላይ ተደፋሁበት።

ከዚያ ያለውን ደኅና አድርጌ አላስታውሰውም። ፖሊስ ወደ ሰማይ ሲተኩስ ትዝ ይለኛል። ፌሮው ያረፈበትን ቀኝ እጄን ከክርኑ በታች በጀሶ አስረውልኛል፤ ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ጥሩ አድርጎ አስሮታል።

ስለዚህ ሜሪን የገደልካት አንተ አይደለህም። መትተሃታል፤ ጥለሃት ሄደሃል። ሁለቱ ልዩነት አላቸው፤ አንዱን ለማቃለል ብለህ ሌላውን አትውሰድ።

ለምን እንደሮጥክ አላጣሁትም። እናንተ ሾፌሮች እርስ በርሳችሁ የምትመካከሩትን አውቃለሁ፦ ሰው ከገጨህ እንዳትቆም፣ ፖሊስ ጣቢያ እስክትደርስ ወደኋላህ አትይ። በዚያ ዓመት ኢፋ የተባለውን ጓደኛህን ከመኪናው አውርደው እንዴት እንዳደረጉት ነግረኸኝ፣ ሳትበላ ተኝተሃል። ብትቆም ኖሮ በኮርሳ የደረሰው ይደርስብህ ነበር። ምናልባትም ትሞት ነበር። አይነኩህም ነበር ብዬ አልዋሽህም። ነገር ግን የሮጥክበት መንገድ ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ያወጣል። አልፈኸው ሄድክ። ሌላውን ሁሉ ተረድቼልህ እዚህ ላይ ስደርስ ነው የሚያቅተኝ።

አሁን የሆነውን ልንገርህ። ኮርሳ ሆስፒታል ተኝቷል፤ የግራ ዓይኑ ጠፍቷል፣ ሦስት የጎን አጥንቱ ተሰብሯል፣ ጣቶቹን ገና እየቀጠሉለት ነው። አልጋው አጠገብ ፖሊስ ተቀምጧል። ሊጠብቀው አይደለም፤ እንዳያመልጥ ነው። ምስክሮቹ ሁሉ መሪው ላይ የነበረው እሱ ነው ብለዋል። እውነታቸውን ነው፣ መሪው ላይ ነበረ። ደግሞም ሹፌሩ እሱ ከሆነ እነሱ የተቆጡ ሰዎች ብቻ ናቸው፤ እሱ ካልሆነ ግን ምን እንደሆኑ ያውቁታል። ስለዚህ ቃላቸውን አይለውጡም። ያለ መንጃ ፈቃድ፣ በተከለከለ ሰዓት፣ ሰው ገድሎ። አልጋውን ሲለቅ የሚሄደው ወደ እስር ቤት ነው።

ባለንብረትህ መጥቶ ነበር። ጫማውን ሳያወልቅ ምንጣፌ ላይ ቆሞ "እማማ፣ ነገሩ በራሱ መስመር ይዟል፣ አይነካኩት" አለኝ። "መኪናዋ ቆማ ሳለ ሰውዬው ሊሰርቃት ገባ፣ ገጨ። ልጅዎም ነፃ፣ እኔም ነፃ።"

"የእጅ ፍሬኑስ?" አልኩት።

"ሲገጭ ነው የተበጠሰው።"

"የተበጠሰበት ጫፍ ዝጓል" አልኩት። "ጫማህን ይዘህ ውጣ።" ጫማው እግሩ ላይ ስለነበረ ግራ ገብቶት ወደ እግሩ አየ፤ ከዚያ ወጣ።

የኮርሳ ሚስት ሶሬቲ ግን ዛሬም ወተት አምጥታለች። ላሟ ሰው ታመመ ብላ አታቋርጥም። በሩ ላይ ቆማ በጣሳ ቀዳችልኝ።

"እትዬ፣ ኖላዊ ያለበትን ያውቃሉ?"

"አውቃለሁ።"

"የት እንደሆነ አልጠይቅዎትም። ቀጄላ ካወቀ ሄዶ ያርደዋል፤ የወንድሙን የኮርሳን ፊት ካየ ወዲህ ሰው አይደለም። መቼ እንደሚመጣ ብቻ ይንገሩኝ።"

"ይመጣል" አልኳት።

"መቼ?"

የዚህን መልስ ካንተ እጠብቃለሁ።

ፖሊስም ያለህበትን ጠይቆኛል። አላውቅም አላልኩም። ልጄ ራሱ መጥቶ ቃሉን ይሰጣል አልኩ፣ ጽፈው አስፈረሙኝ፣ በግራዬ ፈረምኩ። ሚሌ አፋር ክልል ነው፣ አይደርሱብኝም ብለህ እንደሆነ፣ ያ መንጃ ፈቃድህ ከዚህ እስከ ጠረፍ ድረስ በየክልሉ ሲሠራልህ ኖሯል። የሚጠይቅህም ሕግ እንደዚሁ በየክልሉ ነው። ግን እኔ ተይዘህ እንድትመጣ አልፈልግም። ተይዞ የመጣ ሰው ኮርሳን ነፃ ሊያወጣው ይችል ይሆናል፤ አንተን ግን አያወጣህም።

ለደረቅ ሁለት የጭነት መኪና መንጃ ፈቃድ ፈተና ስትዘጋጅ በዚህ ጠረጴዛ ላይ አስጠናሁህ። ሰባት ጊዜ የጠየቅሁህ አንዲት ጥያቄ ነበረች፤ ስትሰለች "እማዬ፣ ይህን እኮ ሕፃንም ያውቀዋል" ትለኝ ነበር። አደጋ ያደረሰ አሽከርካሪ ምን ያደርጋል? ያቆማል፣ የተጎዳውን ይረዳል፣ ለፖሊስ ያሳውቃል። የመጀመሪያውን አድርገሃል፤ ፍሬን ይዘህ አቁመሃል፣ ይህን ለዳኛም እናገራለሁ። ሁለተኛው ለሜሪ አልፏል፣ ለኮርሳ ግን አላለፈም። ሦስተኛው ገና ይጠብቅሃል።

ከበበው ወደ ጅቡቲ ሲወርድ ደብዳቤውን ይሰጥሃል፤ ጭኖ ሲመለስ እዚያው ይቆማል። የቀኙን ወንበር ባዶ ይዞልሃል፣ ሌላ ሰው አይጭንም፤ አስምዬዋለሁ። በመንገድ ላይ "ላግዝህ" ብለህ መሪ እንዳትነካ። ዝም ብለህ ተኛ። ወደ ቤት አትምጣ፣ ቀጄላ አለ። ከበበው በቀጥታ ጣቢያው በር ላይ ያወርድሃል። እኔ እዚያ እጠብቅሃለሁ። ሹራብህን ይዤ እመጣለሁ፤ የእስር ቤት ወለል ይበርዳል።

ወንበሩ ባዶውን ከመጣ፣ የት እንዳለህ እኔው ሄጄ እናገራለሁ። ይህን ለማስፈራራት አልጻፍኩትም። አስቀድመህ እንድታውቀው ብዬ ነው።

የብስራተ ገብርኤል መልአክ በመንገድህ ሁሉ ይቅደምልህ። ከክፉ ሰው እጅ ይሰውርህ፣ ከራስህም ፍርሃት። ያጠባሁህ ጡት ይባርክህ። ስትመጣ ፊትህን ቀና አድርገህ ግባ፤ የምታየው እኔን ነው።

እናትህ
ፀሐይወርቅ

ደግሞ ይህን ረስቼ። ኮርሳ ትናንት በአንድ ዓይኑ አየኝ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ የመጀመሪያው ነው። "እትዬ፣ መኪናው ቆመ?" አለኝ። ቆሟል አልኩት። "ልጅቷን ሳቧት?" አለኝ። ትራሱን ማስተካከል ጀመርኩ። አልነገርኩትም፣ ኖላዊ። ብቻዬን አይሆንልኝም፤ ስትመጣ እንዴት እንደምንነግረው እንማከራለን።