ሳፋ ውስጥ የተተወው የክትፎ ቢላ

መስከረም 16፣ ወልቂጤ

ንዴቴ እስካሁን አልበረደም። የባለቤቴ የዘነበች ታናሽ ወንድም ሽብሩ ለመስቀል ከአዲስ አበባ መጥቶ፣ ክትፎውን እኔ ካልከተፍኩ አለ። ትልቁን ቢላ ሰጠሁት፤ የጉንችሬው ብረት ቀጥቃጭ ከመኪና ባሌስትራ የሠራልኝን። "ስትጨርስ እዚያው ወልውለህ፣ በደረቅ ኮባ ጠቅልለህ ስቀለው" አልኩት። አስደገምኩት፤ ቃል በቃል ደገመልኝ።

ከዚያ ሄዶ አረፋ የሞላበት ሳፋ ውስጥ ከሳህኖቹ ጋር ዘፈዘፈው። ዘነበች ሳህን ልታጥብ እጇን ሰደደች። መዳፏ ከአውራ ጣቷ ሥር ተተረተረ፤ ክሊኒክ ወስጃት ተሰፋ።

"ቅቤው እንዲለቅ ብዬ እኮ ነው፣ ጋሼ። ቢላው ራሱ ከልክ በላይ ስለታም ነው" አለኝ። የማይቆርጥ ቢላ ሰጥቼው ምን ሊከትፍበት ኖሯል?

ዘነበች ደግሞ የምታዝነው ለእሱ ነው። "ተወው፣ በበዓል እንግዳ አይቆጡም። ነገም እሱው ይክተፍልን፤ እኔ እንደሆነ እረፍት አገኘሁ" አለች እየሳቀች።

ቢላውን ራሴ አጥቤና ጠቅልዬ ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። ነገ ቢለምነኝም አልሰጠውም።

ስመለስ "እስቲ አውራ ጣትሽን እጠፊው" አልኳት። ሞከረች። አልታጠፈም። ያኔ ሳቋን አቆመች።