ልጄን ከጎኔ ስላቆሙልኝ

ለተከበሩ የማታ እንግሊዝኛ ማሠልጠኛችን ዳይሬክተር፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ፣ በተለይም ጉልበትዎ፣ እንደምን ከርሟል? ጉልበት ለሰው ልጅ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ በተቋምዎ በሚገባ ተምሬያለሁና ከልብ ነው የምጠይቅዎ። እኔ የአሳንሰር ጥገና ሠራተኛ ነኝ። አለቆቼ የእንግሊዝኛ ምስክር ወረቀት አምጣ ቢሉኝ፣ ብቻዬን መግባት ፈርቼ፣ ለነርስነት ፈተና የምትዘጋጅ ሴት ልጄን አስከትዬ፣ ጀማሪውም ተፈታኙም አብሮ በሚማርበት ክፍልዎ የተመዘገብሁ ሽበታም ተማሪዎ ነኝ።

አንደኛ፣ መስተዋድድ የሳተ ሰው ትክክለኛውን እስኪያገኝ ቆሞ ይማር ስለሚለው ደንብዎ አመሰግናለሁ። እኛ በአውቶቡስ መጥተን፣ በወንበር ተቀምጠን፣ በማታ ስንማር በአንዲት «በ» ተቻችለን ነበር የኖርነው። ለሦስቱም ሦስት ቃል እንዳለ ስለገለጹልኝና እኔም ሳላዛንፍ ስለማቀያይራቸው፣ ወንበሬ እስካሁን አዲስ ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ ግሶቹ ምስጋናዬ የላቀ ነው። ምግብም፣ ቤትም፣ የቤት ሥራም «ሠራሁ» ስል ዕድሜዬን ሙሉ የታዘበኝ አልነበረም፤ እዚህ ግን በእንግሊዝኛም ለሦስቱ አንድ ግስ ብጠቀም የልጄ እኩዮች በሳቅ ፈረሱ። አፈርሁ።

ሦስተኛው ስለ ልጄ ነው። ባለፈው ሳምንት ልጄ፣ ቤት ውስጥ የቴሌቪዥኑን ወሬ እየተከተለች የምትተረጉምልን ልጅ፣ ሕፃን የማይስተውን ሳተችና ከጎኔ ቆመች። በማግሥቱም ሳተች። ቤት ገብተን ምን ነካሽ ብላት፣ አባዬ ብቻህን ቆመህ ማየት አቃተኝ አለችኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። አባት ነው ለልጁ ጋሻ የሚሆነው ሲባል ነበር የማውቀው።

መምህሩ በበኩላቸው ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ምን ተምራ እንደምትመጣ በክፍሉ ፊት ተረቱ። ተረቱን ለክብርዎ ስል አልጨርሰውም፤ አህያው ማን እንደሆነ ግን ክፍሉ በሙሉ ዞሮ አሳይቶኛል። እርስዎም ጊዜ ሳያጠፉ፣ አልበቃችም ብለው ስሟን ከተፈታኞቹ ሰረዙና ወደ እኔ ደረጃ አወረዱልኝ። አባትና ልጅን እንዲህ ለማቀራረብ የሚደክም ተቋም በዚህ ዘመን ከየት ይገኛል?

ስለሆነም ልጄን ወደ ፈተናዋ እንዲመልሱልኝ እለምናለሁ። እኔ ከእንግዲህ አልመጣም፤ አለቆቼም የፈለጉትን ያድርጉኝ። እኔ እዚያ እስካለሁ ድረስ እሷ አውቃ መሳሳቷን አትተውም።

ከተትረፈረፈ አክብሮትና ከተረፈችኝ ጥቂት ክብር ጋር፣
የጊደሯ አባት

ማስታወሻ፦ ልጄ ይህን ደብዳቤ እንዳልልከው እግሬ ላይ ወድቃ ነበር፤ መምህሩ በሰው ፊት ያፍራሉ ብላ። እኔ ግን የእሷን ያህል ደግ አይደለሁም።