«አላውቀውም» ያልኩት ድምፅ

ለማከብርህና ለምትናፍቀኝ ወንድሜ ለጋሼ ኤፍሬም፣

የጌታ ሰላም ይብዛልህ። ጤናህ እንዴት ነው? ጉሮሮህስ? የጀርመን ብርድ ዘግቶኛል ካልክ ወዲህ እማዬ ስትጨነቅ ነው የከረመችው። ባለቤትህ ደህና ናት? ትንሿ ረድኤትስ መራመድ ጀመረች? እኛ ጌታ ይመስገን፣ ቡታጅራም ወልቂጤም ደህና ነን። እኔ ብቻ የምገባበት ጠፍቶኛል። በቴሌግራም በድምፅ ልነግርህ ጀምሬ አፍሬ አጠፋሁት፤ ስለዚህ ጻፍኩልህ።

ለስቅለት እንድለማመድበት ዘምረህ የላክህልኝን የሕማማት ዝማሬ ታስታውሳለህ። አንተ በምትሠራበት ኦፔራ ቴነር፣ ከፍ ያለው የወንድ ድምፅ፣ አብዛኛውን ጊዜ አፍቃሪ ነው፣ ወፍራሙ ባስ አባት ወይም ንጉሥ ይሆናል፤ በሕማማቱ ግን ወንጌሉን የሚተርከው ቴነር ነው ስትለኝ ኩራት ኩራት ብሎኝ ነበር። ብየዳ ቤት ምሳ ሰዓት ላይ እሰማህ ነበር። አንድ ቀን የማዳመጫው ገመድ ተነቀለና ድምፅህ ቤቱን ሞላው። በር ሊያሠሩ የመጡት ሰዎች «ይቺ ሴትዮ ምን ሆና ነው?» ብለው ሳቁ። አብሮኝ የሚሠራው ራምዚ «ወንድ ነው እኮ» ሲላቸው «እንዲህ የቀጠነ ወንድ!» ብለው ይብስ ተንከተከቱ። ራምዚ ስልኬን አየና «ጋሼ ኤፍሬም ይላል፤ ወንድምህ አይደል እንዴ?» አለኝ። እኔ ፊቴ ፍም መስሎ «አላውቀውም» አልኩ። እንዲህ ነው ያልኩት፣ ጋሼ።

የስቅለት አርብ አባዬና እማዬ ከቡታጅራ መጥተው ቤተ ክርስቲያን ፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። አንተ ወደ አማርኛ የመለስከውን ነበር የምዘምረው። ጴጥሮስ ጌታውን የካደበት ቦታ እስክደርስ ደህና ነበርኩ። ያቺ ቃል ግን የራሴው ቃል ሆነችብኝና እንደምንም አወጣኋት። ቀጥሎ «ምርር ብሎ አለቀሰ» የሚለው፣ አንተ ድምፅህን ቀስ አድርገህ ወደ ላይ የምትስብበት ቦታ ሲመጣ እንባዬ ቀደመኝ። እዚያው ቆሜ ተንሰቀሰቅኩ። ጉባኤው ምን ቢል ጥሩ ነው? «አሜን! መንፈስ ቅዱስ ነክቶታል!» ብሎ አብሮኝ አለቀሰ። አባዬም እጁን ዘርግቶ ሲባርከኝ አየሁት።

ሽማግሌዎቹ የፊታችን እሁድ ወጥቼ እንድመሰክር ፕሮግራም ይዘውልኛል። ያገኘኝ ሁሉ «ተባረክ» ይለኛል፣ ባጃጅ ውስጥ ሳይቀር። አንገቴን ደፍቼ ሳልፍ ትሕትና ይመስላቸዋል። እሁድ እውነቱን ልናገር ወስኛለሁ፤ አባዬ ፊት አፌ እንዴት እንደሚፈታ ግን እንጃ። ከእነሱ በፊት አንተ ልትሰማው ይገባል ብዬ ነው የጻፍኩልህ። ሳቃቸውን ፈርቼ ነው የካድኩህ። እኔም እኮ ያው ያንተው ቀጭን ድምፅ ነው ያለኝ። ይቅር በለኝ።

አባዬና እማዬ በጣም ናፍቀውሃል። ባለቤትህን ሰላም በልልኝ፣ ረድኤትን አገላብጠህ ሳምልኝ። ራምዚም አሁን ስጽፍ አይቶኝ «ለወንድምህ ሰላም በልልኝ፤ ወላሂ ድምፁ ያምራል» አለኝ። ለማን እንደምጽፍ አልነገርኩትም ነበር።

ታናሽ ወንድምህ ይትባረክ ወልዴ
ወልቂጤ፣ ሚያዝያ 8 ቀን 2018 ዓ.ም.